አስካለ ልጆቿን በነጠላ ያሰረች ዕለት

በኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠርና አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ዘብ የለ፣ ሰንሰለት የለ! ያየው እንኳ አባቴ ነው፣ እኔ ወሬው ላይ ነው የደረስኩት። ቆይ እስቲ ልነሳ፣ ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ያቁነጠንጠኛል።

ታዲያ እዚህ ሀና ማርያም ጎረቤቴ አስካለ አለች አይደል፣ ባሏ የሞተባት፤ ሁለቱ ልጆቿ ታደሰና ግርማ እዚያው ግቢ ከነሚስቶቻቸው ይኖራሉ። ታዲያ ታላቅየው፣ ታደሰ፣ መሐል ግቢ ላይ ግንብ ጀመረ፣ እና ግንቡ የግርማን በር ሊዘጋው ሆነ። እሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጩኸት ሰማሁና ገባሁ፤ ግርማ ዶማ አንስቷል። ለግንቡ ነው ስል፣ ለካ ለወንድሙ ነው! ለገዛ ወንድሙ!

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። በኛ ጊዜ ይህ ከተባለ፣ ሰማችሁ፣ እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል። ግርማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ሕግ ያለው ፍርድ ቤት ነው፤ ዛሬ ዝግ ነው!» ታደሰ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ፣ «ምታኛ! ወንድ ከሆንክ ምታኝ!» ይለዋል።

ወይ ጉድ! አንዱ ሊሞት፣ አንዱ ሊታሰር፤ አስካለ በአንድ ቀን ሁለቱንም ልታጣቸው ነው እኮ!

እና እሷ ከጓዳ ወጣች። አልጮኸች፣ አላለቀሰች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሐላቸው ገባችና የታደሰን ግራ እጅ ከግርማ ቀኝ እጅ ጋር፣ ዶማ ከያዘው ጋር፣ ታስር ጀመር። ዶማው ወደቀ። «ቁራኛ ናችሁ» አለች። «ነገ እንዲሁ እንደታሰራችሁ ዳኛ ፊት ትቆማላችሁ። የፈታ ልጄ አይደለም!»

ታዲያ እንደታሰሩ ዋሉ! ምሳ አብረው፣ ሽንት ቤትም አብረው። «ኧረ እማዬ፣ በማርያም!» ይላል ግርማ፤ «ዝም ብለህ ወዲያ ዙር!» ይለዋል ታደሰ። የግርማ ሚስት ሳቋ አምልጧት ወጣች። እኔ ምኑን ልሳቅ? ከበር ወደ ግንብ፣ ከግንብ ወደ በር እመላለሳለሁ፣ ዓይኔ ቋጠሮው ላይ ነው። ነጠላ እኮ ነው! ያውም ያረጀ ነጠላ! አንዱ ተናዶ እጁን ቢመነጭቅ ይቀደዳል፣ ከዚያስ?

አመሻሹ ላይ ታደሰ አቀርቅሮ፣ «እሺ፣ ግንቡን ወደ እኔ እስበዋለሁ» አለ። ግርማ ቀና ብሎ ግንቡን በዓይኑ ለካ። ከዚያ፣ «ምን ያህል?» አለ። እፎይ አልኩ! ከዚያ በኋላማ ስንት ክንድ ይሳብ የሚል ንትርክ ብቻ ነው የቀረው።

አንተ ሕግ የምትማረው፣ ቅድም ሕግ ከየት መጣ ብለህ ጠየቅከኝ፤ መጽሐፍህ ምን እንደሚል እንጃ። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ ነጠላውን መቅደድ የሚችሉ ሁለት ጎረምሶች ሳይቀድዱት ሲውሉ ነው።

ታዲያ ከተስማሙ ዳኛም አላስፈለገ፣ አስካለ ራሷ ፈታቻቸው። ጠጋ ብዬ፣ «አንቺ፣ እንደማይቀድዱት በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«የት አውቄ፣ ጋሼ!» አለችኝ። «ሌላ ምን ነበረኝ?»