ከእርባታው ኩሬ የተሰማው የቀርከሃ ምት

የምስክሩ ስም፦ ኩዋንግ ዴሹን
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ሁናን፣ ሃንሾው ወረዳ፣ ሎንግዋን መንደር
ሥራ፦ ኤሊ አርቢ
ከሟች ጋር ያለው ዝምድና፦ ታላቅ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጁላይ 28 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ 2፡40

ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ዴፒንግ አሟሟት ጁን 9 ቀን ለዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ምንም አልሰማሁም ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር። ያ ቃሌ ውሸት ነው። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው።

እኔና ሟች ጀርባቸው ለስላሳ የሆነ የውሃ ኤሊዎች እናረባለን። ኤሊዋ ድንጉጥ ናት። በእንቁላል ወራት የሰው ጩኸት ከሰማች ወደ አሸዋው አትወጣም። ስለዚህ ኩሬው ዳር መጮህ ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሁለቱ ጫፍ ቀርከሃ ሰቅለን በዱላ እየመታን እንነጋገራለን። ሦስት ምት ና ማለት ነው፣ አንድ ምት ቆይ። አምና ሟች እባብ አይቶ ቢጮህ ኤሊዎቹ ሦስት ቀን ሳይወጡ ቀሩ። ያን ጊዜ በሚስቱ ፊት «ሁለተኛ እዚህ ድምፅህን ብሰማ ዓይንህን እንዳላየው!» አልኩት። እሱም «እሺ ጋሼ፣ እባቡንም ዝም በል እለዋለሁ» አለኝ።

ጁን 9 ቀን ሟች በማለዳ ከአሸዋው የሰበሰባቸውን 32 እንቁላሎች ሰጥቶኝ፣ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪውን ለብሶ የውሃ መውጫውን ወንፊት ሊያጸዳ ሄደ። ከጠዋቱ 12፡20 ገደማ እኔ በሌላው ጫፍ እንቁላሎቹን መፈልፈያ ሳጥን ውስጥ እየደረደርኩ ነበር። እንቁላሉ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ወደ ላይ ካልሆነ ውስጡ ያለው ይሞታል። አሥራ አንዱን እንዳስቀመጥኩ ሦስት ምት ሰማሁ። ሟች ቀልደኛ ነው፤ ባርኔጣው ላይ የወጣች እንቁራሪት ሊያሳየኝ በሦስት ምት አስሩጦኝ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መታሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሦስት መታ። እኔም እንደገና አንድ መታሁ። ከዚያ ዝም አለ። እሺ አለኝ ብዬ ደስ አለኝ።

የመጨረሻውን እንቁላል አስቀምጬ 12፡45 ላይ ስደርስ፣ የጎማ ሱሪው ውሃ ሞልቶ ከቀርከሃው ሥር ሰጥሞ አገኘሁት። ዱላው በእጁ ነበር።

ሰው እየሰጠመ እንዴት አይጮህም፣ ሆን ብሎ ነው እንጂ የሚል ወሬ በመንደሩ ተነሳ። ባለቤቱ ሊያንዢም አመነች። በዋዜማው ተጣልተው ነበር። በየሰባት ቀኑ ለነፍሱ የወረቀት ገንዘብ ስናቃጥል «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። አንዴ እንኳ አልጮኸም? እኔን ጠልቶ ነው አይደል የሄደው?» ትለኛለች። አልጮኸም እላታለሁ። እውነት ነው፣ አልጮኸም። በዚያች እውነት ተሸሸግኩ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሰው በር ሲያንኳኳ፣ የምሰማው ሦስት ምት ነው። ቀርከሃዎቹን አውርጄ አቃጠልኳቸው፤ አልተወኝም።

ትናንት ሰባተኛው ሰባት፣ የሐዘኑ መዝጊያ ነበር። በዚያው ቀን ያ ሳጥን ተፈለፈለ። 32ቱም በሕይወት ወጡ። ሊያንዢ አጠገቤ ቆማ «እሱ የሰበሰባቸው ናቸው» ብላ አለቀሰች። ልነግራት አፌን ከፍቼ አቃተኝ። ፈሪ ነኝ። ስለዚህ ይህ ቃል ይነበብላት። ወንድሜ መሞት አልፈለገም። ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል። ቆይ ስለው ቆየ።

ከላይ የሰፈረው ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው፤ የቀድሞው ቃሌ በዚህ ይተካልኝ።

የምስክሩ ፊርማና የአውራ ጣት አሻራ፦ ኩዋንግ ዴሹን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሺዮንግ ባይሊን