የምስጋናው ስም ሲበራ

ሐይቅ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ በሰኔ ዓርብ ረፋድ፤ የመጨረሻ ልጃቸው ምስጋናው በታኅሣሥ ከደላላ ጋር ወጥቶ የቀረባቸው ወይዘሮ ትርንጎ፣ የትምህርት ቤቱን አካውንቶች የሚይዘውን የአማርኛ አስተማሪ ይመርን በር ላይ ቆመው ይማጸኑታል።

ትርንጎ፦ እንደው በእስጢፋኖስ፣ አልዘጋውም በለኝና ልሂድልህ።

ይመር፦ እማማ፣ መጀመሪያ ይግቡና ይቀመጡ።

ትርንጎ፦ ተቀምጬ ምን ላድርግ? ወንበርህ እንደሁ ይሽከረከራል።

ይመር፦ ያኛው አይሽከረከርም። ይቀመጡ እባክዎ።

ትርንጎ፦ ይኸው ተቀመጥሁ። ከምስጋናው ጋር የምትማረው የጎረቤቴ ልጅ ራህመት ናት የነገረችኝ። «ከትምህርት የቀሩትን ልጆች አካውንት ዛሬ ሊዘጉት ነው፣ የምስጋናውም አለበት» ብላ እያለከለከች መጣች። በሬን እንኳ ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት።

ይመር፦ እውነቷን ነው። ደብዳቤ ደርሶናል። የተመደበልን ቦታ ሞልቶ ለአዲሶቹ ዘጠነኛ ክፍሎች መክፈት አልቻልንም። ስለዚህ ዘንድሮ ያቋረጠ ልጅ ሁሉ ይነሣል።

ትርንጎ፦ ቦታ ሞላ? የኔ ልጅ ስንት ክንድ ይዞባችሁ ነው? አንዲት ገጽ ጽሑፍ ናት ያለችው፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ አጥማጆች። በቃሌ ልወጣልህ እችላለሁ።

ይመር፦ ጽሑፉን አትሜ በወረቀት እሰጥዎታለሁ። እሱ አይጠፋብዎትም።

ትርንጎ፦ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ልጁ እየገባበት ነው እኮ የምልህ። ከዘጋኸው በምን ይግባ? አንተ ደግሞ የኮምፒውተር ሹም ብትሆን ጊዜ ጆሮህ ደነደነ። ከታላቁ ልጄ ጋር ስታድግ እኔ ቤት ስንት ቀን በልተሃል?

ይመር፦ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለዚያም ነው ያቃተኝ።

ትርንጎ፦ ምኑ ነው የሚያቅትህ? ተወው ነው ያልሁህ፣ ተሸከመው አላልሁህ።

ይመር፦ ራህመት ምን እያለች ነው የምትነግርዎት? ስለመግባቱ።

ትርንጎ፦ አንተው አይደለህ ያስጀመርሃቸው? አምስት ሆነው በጋራ የሚጽፉበት፣ የሱም ገጽ ያለችበት ፋይል አለ አይደል። አንዱ በስልኩ ሲከፍተው ለሌሎቹ ስሙ ከላይ ብቅ ይላል። ክብ ነገር ናት አሉ፣ ውስጧ «ም» የምትል ፊደል አለች። እሷ ስትበራ ራህመት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እማማ፣ ምስጋናው ገባ» ትለኛለች። በቃ፣ ልጄ አለ ማለት ነው። የትም ይሁን የት፣ ስልክ የሚነካ እጅ አለው።

ይመር፦ ጽፎላት ያውቃል?

ትርንጎ፦ አይጽፍም። «ሰላም ነህ ወይ?» ብላ ጻፈችለት፣ ዝም አለ። አሠሪው ቆሞበት ይሆናል። የዓረብ አገር ሥራ መች ፋታ ይሰጣል። እኔ መግባቱ ይበቃኛል።

ይመር፦ በየካቲት የዕድሩ ሰዎች መጥተው ነበር አይደል?

ትርንጎ፦ መጥተው ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ተኮለኮሉ። ጀልባው ጥር አሥራ አምስት ተገልብጧል፣ ከተረፉት ውስጥ የለም አሉኝ። «ልጄ ትናንት ከሠርክ ጸሎት በኋላ ገብቷል፣ መርዷችሁን ይዛችሁ ሂዱ» ብዬ መለስኋቸው። ሰው ያበደች መሰለው። እኔ ግን ለእስጢፋኖስ ጃንጥላ ተስዬ አስገባሁ። ልጇ ለሞተባት ነው እንዴ ስለት የምታስገባው?

ይመር፦ ሁልጊዜ ከሠርክ በኋላ ነው የሚገባው?

ትርንጎ፦ ሁልጊዜ። እሑድ ሲሆን ብቻ ከቅዳሴ መልስ ነው። የእናቱን ሰዓት ያውቃላ። በሁዳዴ ቅዳሴ ሲውል እሱም አብሮ ሰዓቱን ያዘገይ ነበር። በሰው አገር ሆኖ ጾሙን አልረሳም ብዬ ስንት ጊዜ ተመስገን አልሁ።

ይመር፦ እማማ፣ እርስዎ ከሠርክ ሲመለሱ ምን ያደርጋሉ?

ትርንጎ፦ ምን አደርጋለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። ከዚያ ገጹን አነብለታለሁ።

ይመር፦ በምን?

ትርንጎ፦ በስልኩ ነዋ። መስተዋቱ በተሰነጠቀው። ሲሄድ የጓደኛውን ስልክ ተማምኖ የሱን ትቶልኝ ነው የሄደው። ትልቋ ልጄ አከፋፈቱን አሳየችኝ፤ ሦስት ጊዜ መንካት ነው፣ አይከብድም።

ይመር፦ እሑድስ?

ትርንጎ፦ እሑድማ ከቅዳሴ ስመለስ። ክልክል ነው እንዴ?

ይመር፦ ክልክል አይደለም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ምን እንዲህ ታፈጥብኛለህ?

ይመር፦ እዚያ ስልክ ላይ ያለው አካውንት የማን ነው?

ትርንጎ፦ የሱ ነዋ። እኔ አካውንት ከየት አመጣለሁ?

ይመር፦ እንግዲህ እርስዎ ሲከፍቱት ለነራህመት የሚበራው የማን ስም ነው?

ትርንጎ፦ ቆይ። ቆየኝ እስቲ።

ይመር፦ ውሃ ላምጣልዎት?

ትርንጎ፦ እሷ በአጥሩ የምትጠራኝ እኮ እያነበብሁ ሳለሁ ነው። ስልኩን አስቀምጬ ነው ወደ አጥሩ የምሄድ።

ይመር፦ አዎ።

ትርንጎ፦ ምን አዎ ትለኛለህ? እኔ ያልከፈትሁ ለታ ገብቶ ቢሆንስ? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ኮምፒውተር ይህን አይጽፍም?

ይመር፦ ይጽፋል። የገባበትን ቀን፣ የገባበትን ስልክ፣ የገባበትን አገር ይጽፋል። ትናንት ተቀምጬ አንድ በአንድ አየሁት። አንድ ስልክ ነው፣ ከዚሁ ከሐይቅ። አምስት ወር ሙሉ።

ትርንጎ፦ ሌላ አገር የሚል የለም?

ይመር፦ አንድ ቀን አለ።

ትርንጎ፦ ንገረኛ።

ይመር፦ ጥር አሥራ አራት፣ በሌላ ስልክ። ጅቡቲ ይላል። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ወጣ።

ትርንጎ፦ ጀልባው የተነሣው በማግሥቱ ነው ያሉት።

ይመር፦ አዎ።

ትርንጎ፦ አሥራ አንድ ደቂቃ ምን አደረገ?

ይመር፦ እሱ ሳይሄድ በፊት ከጽሑፉ ጎን አስተያየት ጽፌበት ነበር። «ጥሩ ነው፣ ግን መዝጊያ አንቀጽ የለውም» የሚል። ለሱ ነው የመለሰልኝ።

ትርንጎ፦ ምን ብሎ?

ይመር፦ «እሺ መምህር። ስሻገር እጨርሰዋለሁ።»

ትርንጎ፦ ይህን ይዘህ ነው ዝም ያልኸኝ?

ይመር፦ አላየሁትም። መቶ ሃምሳ ልጅ ነው የማስተምረው፣ እሱ ከቀረ ወዲያ ገጹን ከፍቼው አላውቅም። ትናንት ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትርንጎ፦ እኔስ? በየቀኑ አነበዋለሁ፣ አንድ ቀን አላየሁትም።

ይመር፦ የጎኑ ጽሑፍ በስልክ ዝም ብሎ አይታይም። አንዴ ሌላ ቦታ መንካት ይጠይቃል።

ትርንጎ፦ ሦስት ጊዜ ነካሁ። አራተኛውን የነገረኝ የለም።

ይመር፦ እማማ፣ ይተዉት። አልዘጋውም። ለርዕሰ መምህሩ የምለውን አላጣም። ሲፈልጉ ይክፈቱት፣ ያንብቡት። ለራህመትም ምንም አልላትም።

ትርንጎ፦ እሷም በአጥሩ ገባ ትበለኝ? እኔም ተመስገን ልበል?

ይመር፦ ማን ያውቃል። ከተሻገረ በኋላ ታስሮም ይሆናል፤ ኢንተርኔት ያለበት ላይደርስ ይችላል። ስንቱ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት ተመልሷል።

ትርንጎ፦ አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ሆነ? ራሴን ያታለልሁት አይበቃኝም? ምስጋናውን አስተምረኸዋል። እሺ ብሎህ ያላደረገው ነገር አለ?

ይመር፦ የለም።

ትርንጎ፦ ለኔም የለም። ከሌሎቹ ልጆቼ ሁሉ በዚህ ይለያል። ልሄድ ነው ብሎ የነገረኝ ማታ አትሂድ ብዬ ስንት ለመንሁት፤ እሺ አላለኝም። እሺ ቢለኝ ይቀር እንደነበር አውቃለሁ። አንተን እጨርሰዋለሁ ካለህ፣ ቢሻገር ኖሮ ይጨርሰው ነበር።

ይመር፦ እማማ ትርንጎ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ትርንጎ፦ አንተ ምን አደረግህ። እኔ ነኝ እንጂ። ሰው ሁሉ እርምሽን አውጪ እያለኝ አንድ እንባ ሳላፈስለት አምስት ወር። አርባው ዝም ብሎ አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ። እዚህ ስሙን ሳበራ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን ስሙ ሳይጠራለት።

ይመር፦ ለዛሬ እንኳ ይቆይ። ሰኞ አደርገዋለሁ።

ትርንጎ፦ ሰኞ ድረስ እጄ ዝም አይልም፤ ዛሬም ከሠርክ በኋላ እከፍተዋለሁ። ዝጋው ልጄ፣ እያየሁህ ዝጋው። ከዚህ ወጥቼ የክርስትና ስሙን ለቄሱ እሰጣለሁ፣ ፍትሐት ያድርጉለት።