ሦስት ጊዜ የታረመ የበረራ ቱታ

ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የመቶ አለቃዋ የበረራ ቱታ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ይዛው የመጣችው ራሷ ናት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በሰው ትልከው ነበር እንጂ ሰፊውን አይታቸው አታውቅም። ሐሙስ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ካለፈች በአየር ኃይሉ ተዋጊ አውሮፕላን የምታበር የመጀመሪያዋ ሴት ትሆናለች። ልኳ ያልሆነ ልብስ ለብሳ ከመጣች ግን አዛዡ «አውሮፕላን ላይ አላወጣሽም» ብለዋታል።

ሰፊው «ወርቅ እጅ» በሚል ቅጽል የታወቁ አዛውንት ናቸው። ወርቁ እጅ ባንኮኒው ላይ ዐርፏል፤ ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪና ይንጣጣል።

«ባለቤቴ ናት፤ መኪናውን ዘይት እየቀባችልኝ ነው» አሉ፣ ሳይጠየቁ።

«ጋሼ፣ ልኬቱን በወረቀት ልኬልዎት ነበር።»

«ደርሶኛል። ተሳስቶ ስለተጻፈ አረምኩት።»

«ሦስቴም?»

«ሦስቴም ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ይሄ የአብራሪ ትከሻ አይደለም።»

«የእኔ ትከሻ ነው።»

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ልጄ፣ ተሳፋሪ ብትሆኚ አልቃወምም።»

መቶ አለቃዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ይህን ክርክር ከአጎቷ ጋር፣ ከጎረቤቷ ጋር፣ አንድ ጊዜም አፏን እንደከፈተች ከጥርስ ሐኪም ጋር ተከራክራዋለች።

«ጦርነት ጉልበት ይጠይቃል» አሉ።

«አውሮፕላኑን በጀርባዬ አልሸከመውም እኮ፣ ጋሼ። እሱም ወንድ ልሁን ሴት ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ድንጋጤስ? የሴት ልጅ ሆዷ ቡቡ ነው።»

«ባለፈው ወር ሞተር ሲጠፋብን አስተማሪዬ ስለት ይሳሉ ስለነበር ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ትናንት ያስደነገጠኝ የእርስዎ እጅጌ ነው፤ የአውሮፕላኑን መሪ ጠልፎ ሊገለብጠኝ ነበር። በዚህ እጅጌ ወንዱም ይወድቃል።»

አዛውንቱ እጅጌውን አገላበጡት። በእርማታቸው ሰው ሊሞት እንደሚችል አስበውት አያውቁም ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ብይን እንደሚያነብ ዳኛ ቆሙ።

«አሳምነሽኛል። ሰው በችሎታው ከተመረጠ፣ ሀገር ግማሽ ልጆቿን ቁጭ አድርጋ ጠባቂ አጣሁ አትልም። አባትም ሴት ልጁን ሲያስተምር እዚህ ድረስ ብሎ አያጥርባትም። እኔም አንድ ልብስ አራት ጊዜ ከመፍታት እድናለሁ። ስፌት ግን የረጋ እጅ ይፈልጋል፤ እሱን ለእኛ ለወንዶቹ ተዉልን። ይህን እጅጌ እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ አጠብበዋለሁ።»

መኪናው ጸጥ አለ። መጋረጃው ተገለጠና ሚስትየው ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው ወጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን እንዳለ ስጠኝ ብዬህ ነበር። የኔ ልጅ፣ ክንድሽን ዘርጊ።»

መቶ አለቃዋ ክንዷን ዘረጋች። ሚስትየው ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ለኳት። ወርቅ እጅ የዘይቱን ጣሳ አነሱና መኪናውን ሊቀቡ ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ።