ከአዲስ አበባ የራቀብኝ ዙሪክ

የልጅ ልጄ ባለፈው ጉድ አደረገችኝ። ጄኔቭ፣ «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቴ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች፣ «አያቴ፣ ከጄኔቭ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት ነው» አለች። «በየዓመቱ የምሄደውን መንገድ እኔን ታስተምሪኛለሽ?» አልኳት። «ዙሪክ እህትሽ ጋስ? አንድ ሰዓት አይሞላም። ለምን አትሄጂም?» አለችኝ። ታናሼን ዘነበችን ጴንጤ ሆነች ብዬ ካኮረፍኳት ስንት ዘመኔ! ልጆች ሳለን በአንድ ጋቢ ነበር የምንተኛው፤ በረዶ የመሰለ እግሯን ጉልበቴ መሀል ይዤ የማሞቅላት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ በባቡር ሄጄ እሷ ሰፈር፣ ዙሪክ አልትሽቴተን ጣቢያ ወረድኩ። ዘነበች በሯን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ልትሰድቢኝም ከሆነ ግቢና ተቀምጠሽ ስደቢኝ» አለች። እኔ እኮ ስድብ ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ጠፋኝ።