ወባው የመለሳቸው ሽማግሌዎች

(ፍኖተ ሰላም፣ ጤና ጣቢያ። ከወባ ያገገሙት ልብስ ሰፊው ጋሽ ይርዳው የሲስተር አስናቁ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል።)

ይርዳው፦ ማህተሙ ጎላ ብሎ ይታይልኝ እንጂ ጽሑፉ ቢያጥርም ግድ የለኝም። «ይርዳው ባለፈው እሑድ የተናገረው የወባው እንጂ የራሱ አይደለም» ብለሽ ጻፊው።

አስናቁ፦ ጋሽ ይርዳው፣ እኔ የምጽፈው የሕመም እረፍት ነው። ለአፍ ወለምታ የሚሆን ወረቀት አላተሙልንም።

ይርዳው፦ ከእረፍቱ ሥር ጨምሪዋ። ሦስት ሽማግሌ ነው የመለስኩት እኮ።

አስናቁ፦ ሽማግሌ መመለስ ምን ብርቅ ነው? በሳምንቱ ይመጣሉ።

ይርዳው፦ «ልጅ የለኝም» ያለ ሰው ቤት ምን ብለው ይመጣሉ?

አስናቁ፦ እንዲህ አሉ?

ይርዳው፦ በጋቢ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጣለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ መርሻ ደግሞ ልጄን ያስጠየቀውን የአናጢውን የስመኘውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ሊቆጥሩልኝ ቆመዋል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሆነ። «በቃ፣ ልጅ የለኝም፣ በሩን ዝጉት» አልኳቸው።

አስናቁ፦ ልጅዎ ምንትዋብ የት ነበረች?

ይርዳው፦ ውሃ ይዛልኝ አጠገቤ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን አቅርባ ጓዳ ትገባለች። «አባዬ» ማለት ቀርቷል፤ «ምግቡ ቀርቧል» ብቻ ነው።

አስናቁ፦ እውነቱን ከጠየቁኝ ወባው ብቻውን አይደለም ያበሳጨዎ። የገዛ ደምዎም አለበት።

ይርዳው፦ ደሜ ደግሞ ምን አደረገ?

አስናቁ፦ በሽታ ሲገባ ደም ውስጥ ያሉት ተከላካዮች ለውጊያ ይነሡና ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ። «ይህ ሰው ይተኛ፣ ምግብ ይቅርበት፣ ሰው አይቅረበው፣ ጉልበቱ ለእኛ ይትረፍ» ይላል መልእክቱ። የታመመ ሰው ወጡም ወዳጁም የሚያስጠላው ለዚህ ነው።

ይርዳው፦ ሽማግሌ ይልካሉ በይኛ።

አስናቁ፦ ይልካሉ። አንጎል ግን እንደ እርስዎ አይደለም፤ የመጣለትን ሽማግሌ አይመልስም።

ይርዳው፦ እሰይ! ይህችኑ ጻፊልኝ። አቶ መርሻ የሽማግሌ ነገር ሲሆን ቶሎ ይገባቸዋል።

አስናቁ፦ ቆይ እንጂ። መልእክቱ «ተኛ» ነው የሚለው። «በሩን ዝጉት» ያሉትን እፈርምልዎታለሁ፣ እሱ የደምዎ ነው። «ልጅ የለኝም» የሚለውን ግን ማን አመጣው?

ይርዳው፦ ትኩሳት ነዋ።

አስናቁ፦ በዚህ ወር ብቻ ስንቱ ወባ የያዘው እዚህ ተነጫንጮብኛል። መርፌውንም እኔንም የሰደበ አለ። ልጁን የካደ ግን አላየሁም።

ይርዳው፦ …ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። እሰጠዋለሁ፣ አሁንም እሰጠዋለሁ።

አስናቁ፦ ስለ እሱ አልጠየቅኩዎትም።

ይርዳው፦ አቶ መርሻ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እኔ የራሴን ቤት እቆጥር ነበር። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመት። እሷ ስትሄድ አንድ ሰው ይቀራል። በሕይወቴ ቤት ቆልፌ ሱቅ ሄጄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሰው ትቼ ነው የምወጣው። አሁን ቁልፍ ልይዝ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ አፌ የወጣው ያ ሆነ።

አስናቁ፦ ይህን ነግረዋታል?

ይርዳው፦ በምን አፌ? ለዚህ እኮ ነው ወረቀት የምለምንሽ።

አስናቁ፦ ወረቀቱን ሽማግሌዎቹ ያምኑት ይሆናል። ምንትዋብ አታምነውም። ያስታመመችዎ እሷ ናት፤ ትኩሳትዎ የት ላይ እንዳበቃ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ላከ ከተባለ ገበያው ሁሉ ይስቅብኛል።

አስናቁ፦ ወደ ወንዱ ቤት ላኩ ያለዎ ማን ነው?

ይርዳው፦ …ስንት ሰዓት ነው ከሥራ የምትወጪው?

አስናቁ፦ ስድስት ተኩል ላይ። ምነው?

ይርዳው፦ ወረቀቱን ተይውና ሽማግሌ ሁኚልኝ። ምንትዋብ ዘንድ ሂጂና አባቷን ትቀበለው እንደሆነ ጠይቂልኝ።