የፔዳሉ ሞላ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ አንቺ ነሽ? እስካሁን የት ነበርሽ? አምስት ሰዓት ሊሆን እኮ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስጠብቅ... ምን ስጠብቅ? ምንም! ሰው የልጁን ስልክ አይጠብቅም?

— እሺ፣ ምን ሆነ? ... ወረቀት መቁረጫው ቆመ? ይኸው! አላልኩሽም? ፔዳሉ ወርዶ አልመለስ አለ አይደል? ... በምን አወቅሁ? ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት የያዝኩ ሰው፣ በምን አወቅህ ተብዬ ልጠየቅ? በይ መኪናውን ላኪልኝ፣ አሁኑኑ መጥቼ...

— ምን? ... ማንን ጠራሽ? ... ቴክኒሻን?! እኔ ሞቻለሁ? ያንን ማሽን በእጄ ከሣጥን አውጥቼ የተከልኩት ሰውዬ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ ከመንገድ ቴክኒሻን ትጠሪያለሽ? ደሜን አታፍዪው ልጄ! ... ምን አለ? ፔዳሉን የሚመልሰው ሞላ የለም አለ? እሱን ለማወቅ ደግሞ ቴክኒሻን ያስፈልጋል!

— ቆዪ አንዴ፣ እናትሽ ናት። ... ምንድን ነው የምትዪው አንቺ ሴትዮ? ... ኮቴን? ማን እጠቢልኝ አለሽ! ... ቆሽሾ ነበር፣ ቆሽሾ ነበር! ተይኝ አሁን፣ ልጅሽ ስልክ ላይ ናት!

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ... ምንም አይደለም፣ ኮቴን ውሃ ውስጥ ነክራዋለች። ቀጥዪ። ... እሺ። ... እሺ። ... ምን አደረግሽ?

— እስቲ ድገሚልኝ። ... ቆራጯን? ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ማሽን ፊት ሳትነቃነቅ የቆመችውን ሴት? አባረርኳት ነው የምትዪኝ? ... «አሰናበትኳት»! እንዲያ ስትዪው አማረ!

— በምን ጥፋት? ... በሁለት ወር ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ በእሷ እጅ እያለ። እሱ ነው ማስረጃሽ? በእሷ እጅ ካልሆነ በማን እጅ ሊሆን ነው፣ በጥበቃው? ... ምን? ... ሌላ ማተሚያ ቤት ልኳት? ሥራ እንድታስተጓጉል? ወይ ጉድ! ይሄንን ከየት ነው ያመጣሽው? ... የትምህርት ቤቱ ደብተር ነገ መድረስ እንዳለበት አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩሽ! ግን እሷ አይደለችም። ... አይደለችም! ... በምን አወቅሁ? እ... ጠባይዋን አውቃለሁ። ... እንዴ፣ ጠባይ ምን አነሰው?

— ደብዳቤውን ሰጠሻት? ... ምን ብለሽ ጻፍሽበት? ... «ሆን ብላ ንብረት በማበላሸት»? አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት እኮ ናት! ይሄንን ወረቀት ይዛ የትኛው ማተሚያ ቤት ነው በሩን የሚከፍትላት? ... አልተቆጣሁም! ... አዎ፣ ተቆጥቻለሁ!

— ቆዪ ደግሞ። ... አሁንስ ምንድን ነው? ... ከኪሴ ምን ወጣ? ... የምን ብረት? አስቀምጪው! ... ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው አልኩ፣ እንዳትጥዪው! ... ምን እንደሆነ ምን ያደርግልሻል? የ... የእስክሪብቶ ሞላ ነው! ... አዎ፣ አውራ ጣት የሚያህል እስክሪብቶ!

— ሄሎ። ... አለሁ። ... ምን ሰማሽ?

— ልጄ...

— እሺ፣ በቃ! እኔ ነኝ! ትናንት ማታ፣ ሁሉም ከሥራ ሲወጡ ገብቼ ነው ያወጣሁት። ሰማሽ? ጩኺብኝ እንግዲህ! ... ለምን? ለምን ትዪኛለሽ ደግሞ? ሰልችቶኝ ነዋ! ሰልችቶኝ!

— «ምን ጎደለህ» አትበዪኝ! ትዕዛዙ ባንቺ፣ ግዢው ባንቺ፣ ደንበኛው ባንቺ፣ ሁሉም ነገር ኮምፒውተርሽ ውስጥ ገባ። ማህተሙን እንኳ ወሰድሽብኝ። እኔን መስታወት ቤት ውስጥ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ጎልተሽኛል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በስንት ግፊት እንደምደርስ ታውቂያለሽ? በስድስት! እርሳስ እቀርፃለሁ፤ በእርሳስ የሚጽፍ ሰው ግን የለም! ወደ ማሽኖቹ ስወርድ ሁሉም ወሬውን ያቆምና «ጋሼ ምን ልታዘዝ?» ይለኛል። ምንም! ምንም አልፈልግም! አንድ ሰው እንኳ «ጋሼ፣ ይሄ እምቢ አለኝ፣ እስቲ ይዩልኝ» አይልም። ሥራው ያለ እኔ ይሄዳል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አይለኝም! ያንገበግበኛል!

— ... በመጀመሪያው ጊዜ ሞላው በራሱ ነው የወለቀው፣ እውነቴን ነው። ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ ቅባት በቅባት ሆኜ ገጠምኩት። ሁሉም ከበውኝ ቆመው ነበር። ያን ቀን ሰዓቴን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ፣ ማሽኑ ደህና ሆነብኝ! ከዚያ... ከዚያ እጄ ሄደ። ዛሬም ስትደውዪልኝ መጥቼ ልገጥመው ነበር፣ በቃ ይኸው ነው። ሰው ይባረራል ብዬ መቼ አሰብኩ!

— ሂጂ አሁን ሴትዮዋን ጥሪልኝ። ... ዕቃዋን ይዛ ወጣች? ከወጣች ስንት ደቂቃ ሆናት? ... እና ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ? ሩጪ! ስልኩን ይዘሽ ሩጪ! ለጥበቃው ንገሪው፣ በሩን እንዳይከፍት! ... የታክሲው ወረፋ ላይ እያት። ... አየሻት? ... ስጫት። አልወስድም ብትል እንኳ ጆሮዋ ላይ ያዢላት።

— ሄሎ? ... እኔ ነኝ። ስሚኝ፣ ሞላውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ደብዳቤው ይቀደዳል፣ አሁን ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። ... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?

— ... ታውቂ ነበር?

— ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ? ... የማሽኑ ቅባት እጅጌዬ ላይ... ታዲያ ምነው ዝም አልሽ! አፍ የለሽም? ያ ወረቀት ሲሰጥሽ፣ በሰው ፊት ስምሽ ሲጠፋ፣ «ጋሼ ናቸው» አትዪም ነበር?

— ልክ ነሽ። ... ልክ ነሽ፣ ማንም አያምንሽም ነበር። ባለቤቱ የራሱን ማሽን ፈታ ብትዪ፣ እኔው ራሴ ቀድሜ ውሸታም እልሽ ነበር።

— አይ፣ አንቺን አልተቆጣሁም። ድምፄ ነው እንዲህ የሆነው።

— እሺ። ... በስልክ አትፈልጊም። ... መጥቼ። ... ሁሉም ባሉበት፣ ጠራዦቹም፣ ጥበቃውም። እሺ። ... ሞላውን በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ... የለም፣ እሱን እንኳ እኔ ብገጥመው ነው የሚፈጥነው፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ እጄ ለምዶታል፣ ደብተሩም ነገ...

— ... እሺ። አንቺ ትገጥሚዋለሽ። እኔ አልነካም። ... ቆሜ አያለሁ። ... እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ? ... እሺ። ኪሴ ውስጥ ከትቼ።

— ሄሎ? ... ሄሎ? ... ዘጋችው።

— አንቺ ሴትዮ! ያንን ብረት አምጪው። ... በኋላ እነግርሻለሁ። ኮቴስ? ... ይንጠባጠብ! ስጪኝ፣ እርጥቡን ነው የምለብሰው።