ያልተበላ ጥርስ ለምን ይወልቃል

ክቡራትና ክቡራን፣ ለዚህ ሁሉ ድግስ እግዜር ይስጥልኝ። ጓድ ሊቀ መንበር ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ እሺ፣ ጓዶችም ልበል። ግን ከጤና ጣቢያው ጡረታ ለወጣ ድሬሰር ጥሬ ሥጋ ማቅረብ ምን የሚሉት ቀልድ ነው? በየትኛው ጥርሴ ላኝከው?

ደስ ብሎኝ አይደለም የምሄደው፤ አንድ ሥራ ሳልጨርስ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ባንችይርጋ ባለፈው ሰሞን፣ «ጋሽ ከፋለ፣ ድዴ መድማት አልተው አለኝ። ቅዳሜ ነቃሿ ከኩልመስክ ትመጣለች፤ ልነቀሰው ነው» አለችኝ።

«ንቅሳቱ ምን ያደርግልሻል?»

«ደሙን ያቆመዋላ።»

እዚህ እንዳነሣው ራሷ ፈቅዳልኛለች።

ባለቤቴ አመተ ጊዮርጊስም እንዲሁ ብላ ነበር የተነቀሰችው። እንዴት ያምርባት እንደነበር ያያችኋት ታውቃላችሁ። ከዓመታት በኋላ የፊት ጥርሷን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና፣ «ምንም አልተበላም እኮ፤ ታዲያ ለምን ወለቀ?» አለችኝ። መልሱን ያኔ አላውቀውም ነበር። ደሴ ለሥልጠና ሄጄ ተምሬው ስመለስ፣ እሷ አፏን በነጠላ ሸፍና ነበር የምትስቀው። በኋላ ሳቁንም ጨርሳ ተወችው። ሳትስቅ ሞተችብኝ።

መልሱ ይኸውላችሁ። ጥርስ ሥር ቆሻሻ ሲጠራቀም ረቂቅ ተሐዋስያን ይፈሉበታል። ሰውነት እነሱን እንዲዋጉ ነጭ የደም ሴሎቹን ይልካል፤ ድድ የሚቀላውና የሚደማው ያኔ ነው። ቆሻሻው ካልተነሣ ውጊያው አያበቃም። ጅብ ሊያባርር የወጣ ሰው ገብሱን እንደሚረጋግጠው፣ ሴሎቹ ተሐዋስያኑን ሊገድሉ የሚረጩት ነገር ጥርሱን የያዘውን ሥጋና አጥንት ይጨርሰዋል። ጠባቂው ራሱ ቤቱን ያፈርሰዋል ማለት ነው። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቀና አይበሉ፤ እኔ የማወራው ስለ ድድ ነው።

ንቅሳት ቅላቱን ይሸፍነዋል እንጂ ውጊያውን አያስቆመውም። እንዲያውም ቁስል ይጨምርበታል።

ባንችይርጋ፣ ልጄ፣ ዕቃዬን የጫነው መኪና ዓርብ ይነሣል፤ ቅዳሜ አልኖርልሽም። ነርስ ሸጌ፣ የደረቀውን ቆሻሻ፣ የጥርስ ድንጋዩን፣ የምንፍቅበት ብረት ካቢኔው ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ቀቅለሽ ጠብቂን፤ እኔ ባትሪ አበራልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በመፋቂያ ማጽዳቱ የራሷ ነው። ነቃሿንም በክብር ሸኟት፤ ክፉ ሴት አይደለችም። የዚች ልጅ ጥርስ ከተረፈልኝ፣ እዚህ ያረጀሁበት ዘመን አይቆጨኝም።

በሉ እንግዲህ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። አሸተን ማርያም ከደጃችሁ አትለይ። አፋችሁን ሳትሸፍኑ የምትስቁበትን ቀን ያምጣላችሁ።